ያልረጋው ወተት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሁሴኖ፤ ባለህበት ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ከረመዳን ወዲህ ሰውነትህ እንዴት ሆነልህ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ዛሬም የዱቄት ጆንያ ባሸከሙህ ቁጥር ዝም ብለህ ትከሻህን ትሰጣለህ? ኢፍቱስ እንዴት ናት? አሠሪዎቿ ዘንድሮ እንኳ ለኢድ አንድ ቀን አሳረፏት? ሙቀቱስ ጀመራችሁ? የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ነገር ከምን ደረሰ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም። የእናንተ ጤና ዛሬ ከወትሮው ይልቅ ያስፈልገኛል።

እኛ ደህና ነን ማለት ነበረብኝ። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ እንደሚባል ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ግን ደህና አይደለንም፣ ሁሴኖ። ልጅህ ታማለች፤ ቢሊሱማ ሆስፒታል ናት። በሕይወት አለች፤ ይህን ከሁሉ አስቀድመህ እወቅልኝ። ይህን ስጽፍልህ አጠገቤ ተኝታለች፤ ትንፋሿን እሰማዋለሁ። ሌላውን በተራ በተራ እነግርሃለሁ። እባክህ ቆመህ አታንብበው፣ የሆነ ቦታ ፈልገህ ተቀመጥ።

በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ ስለምዋሽ ነው። በደወልክ ቁጥር ተኝታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም እያልኩ አሰናብቼሃለሁ። አንዴማ ዘፈን ስትዘፍን ውላ ደክሟት ተኛች ብዬህ ሳቅህ። ያን ሳቅህን ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንሥቼ ልልክልህ ቆረጥኩ። በአማርኛ የጻፍኩትም ሆን ብዬ ነው። በኦሮምኛ፣ በቁቤ ብጽፈው ኢፍቱ ስልክህን ስታነሣ ካንተ ቀድማ ታነበዋለች፤ አማርኛ ግን እሷ አታነብም። አንተ አንብበህ ስትጨርስ ለእናቷ እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ። እኔ አላውቅበትም። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልም አትሳቅብኝ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ነው የምጽፈው።

አንተ ባትኖርም ታውቀዋለህ፣ ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አብረው ገቡ። ሁዳዴ ሲያዝ የክርስቲያኑ ቤት ወተት አቆመ። እነ የውብዳር እንኳ፣ በየጠዋቱ ጆጋቸውን ይዘው አጥራችንን ሲያንኳኩ የኖሩት ጎረቤቶቻችን፣ እስከ ፋሲካ ደህና ሁኑ ብለውን ሄዱ። ወዲያው ደግሞ ረመዳን ገባና የእኛም ሰው ወተት የሚፈልገው ለማፍጠሪያ ብቻ ሆነ። ላም መቼ ጾም ታውቃለች? ጠዋትም ትታለባለች። የጠዋቱ ወተት እስከ መግሪብ መቆየት ነበረበት። ለወተት መሰብሰቢያው ጣቢያ የምናስረክበውም ቢሆን ወደ አዳማ የሚወርደው በዴራ በኩል ነው፤ የዴራን ሙቀት ታውቀዋለህ። እዚያ ሲደርስ ተበላሽቷል ይባልና ይመለሳል። እናታችን አዮ የተመለሰ ወተት ስታይ እንዴት እንደምትሆን ልንገርህ? ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሰደባት ነው የምትመስለው። አዮ በዚህ ዕድሜዋ ወተትሽ ከፋ ተብላ አታውቅም ነበር።

መሰብሰቢያው ውስጥ ፍሰሐ የሚባል ባለሙያ አለ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ኦሮምኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ከየሴቱ ወተት ትንሽ ትንሽ በጠርሙስ እየቀዳ ለምርመራ ይልካል። ጠርሙሱን ከመክደኑ በፊት ከአንዲት ጥቁር ብልቃጥ ጠብ ያደርግበታል። አዮ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ላብራቶሪ እስኪደርስ እንዳይበላሽ ነው አላት። አልዋሸም፣ እውነቱን ነው። ግን ያ ናሙና ተለክቶ የሚደፋ፣ የሰው አፍ የማይደርስበት ወተት መሆኑን አልጨመረላትም። እሷም አልጠየቀችውም። ቋንቋቸውም እዚያ ድረስ አያደርሳቸውም ነበር። እሷ ያየችው የተማረ ሰው፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወተት ላይ ሲያንጠባጥብ ነው። ክፉ ነገር እንዲህ በአደባባይ ይደረጋል ብላ እንዴት ትጠርጥር?

ከዚያ እንደሻው መጣ። እንደሻው ከሴቶቹ ወተት እየተረከበ ወደ ቆላ የሚያወርደው ነጋዴ ነው። ወተቱ መመለስ ሲያበዛ በየቤቱ ትንንሽ ብልቃጥ አደለ። እነ ፍሰሐ የሚጠቀሙበት መድኃኒት ነው፣ በአንድ ጄሪካን ይህን ያህል ጠብ አድርጉበት አላቸው። ሴቶቹም ተቀበሉት። አዮም ተቀበለችው።

እዚህ ላይ እንዳልነግርህ የለመነችኝን ልነግርህ ነው። አምና በስልክ ስታጫውታት፣ እኛ ዳቦ ቤት ዳቦው እንዳይሻግት የምንጨምረው ነጭ ዱቄት አለ፣ ሳምንት ሙሉ ያቆየዋል ብለሃት ነበር። አዮ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ነው ያወራችው። ልጄ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው እያለች። ብልቃጡን ስትቀበልም ‘ሁሴኖም በሚሠራበት ይህንኑ ያደርጋሉ’ ብላ ነው። ይህን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም፣ ወላሂ። ያንተ ዱቄት ለምግብ የተፈቀደ ነው፤ ተመዝኖ የሚገባ፣ መጠኑ በሕግ የታወቀ ነው። ሐኪሙም ነገሩን ሳጫውተው በእነዚህ በሁለቱ መሀል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት አለ ብሎኛል። እንዳይበላሽ የሚያደርግ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው የጎዳን። አዮ ደግሞ ከዚህ ሌላ ልታስብ የምትችልበት ምንም ምክንያት አልነበራትም።

አሁን ወደ ልጅህ ልመጣ ነው።

በረመዳን ቀን ቀን እሳት አይነድም። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ፣ ታናሽ ወንድማችን ለሊሳ ላሞቹን አልቦ ካምፓስ ይሄዳል። ስለዚህ አዮ የቢሊሱማን የቀን ወተት ጠዋት አፍልታ በዚያች ክዳን ባላት ሰማያዊ ጆግ ታስቀምጥላት ነበር። ልጅቷ ስትርባት ከዚያ ትቀዳላታለች። ይህ ወተት ቀኑን ሙሉ መቆየት ስላለበት ከብልቃጡ ጠብ ታደርግበታለች። ስንት? ለጄሪካኑ የምታደርገውን ያህል ነዋ። ለሰው ወተት ያንን ያህል ካደረግሁ ለልጄ ልጅ ላሳንስባት ነው ወይ ብላ። ለትልቁ ጄሪካን የሚሆነውን ለአንዲት ጆግ። ሳስታላት ነው፣ ሁሴኖ። ለማንም ሳስታ በማታውቀው መጠን ሳስታላት ነው የመረዘቻት።

ቀምሳው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አያልፍም ነበር። ግን ጾመኛ ናት። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፣ ለሊሳም። ሳትቀምስ ለልጅ ወተት ሰጥታ የማታውቀው አዮ ያን ወር ሙሉ በእጅና በዓይን ብቻ ነው የሠራችው። ስናፈጥር የምንጠጣው ደግሞ የማታውን፣ ገና ከላሟ ጡት የወረደውን ነበር። በቤቱ ውስጥ ያንን ወተት የምትቀምስ ቢሊሱማ ብቻ ነበረች።

እሷ ነግራናለች። ሦስት ዓመቷ ነው፣ ባላት ቃል ነግራናለች። ወተቱ ይነክሰኛል አለች። አፍንጫዋን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ‘አዮ፣ ይነክሳል’ እያለች። እኛ ሳቅንባት። ለሊሳ ጥርስ ያለው ወተት አምጡልኝ እያለ ሲቀልድ አንድ ምሽት ሙሉ አሳቀን። አዮ ስኳር ጨመረችበት። የወይራው ጭስ በዝቶ ይሆናል ብላ ዕቃውን ሳታጥን አስቀመጠችላት። ልጅቷ ስትጠጣው ታለቅሳለች፣ ካልጠጣች ደግሞ ትራባለች። እንደ አባቷ ልመና ትወዳለች ብለን እየለመንን አጠጣናት። ማስታወክ ጀመረች፤ ጤና ጣቢያ ወስጃት አሜባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። መድኃኒቱን በምን ዋጠችው ብትለኝ በዚያው ወተት ነው።

ለኢድ አዮ እርጎ ልታዘጋጅ ወተት በቅሉ አድርጋ አስቀምጣ ነበር። እሷ ያስቀመጠችው ወተት እንዴት እንደሚረጋ ታውቃለህ፤ በቢላ የሚቆረጥ ነው። ከተጠራቀመው ከጄሪካኑ ወተት ነበር የወሰደችው። የኢድ ጠዋት ከሶላት ተመልሰን ቅሉን ስትከፍተው ወተቱ እንደገባ ነው። አልረጋም። አልኮመጠጠም። ክፉም ደግም አይሸትም። ጨርሶ ምንም አልሆነም። አዮ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። ወተት እንዲህ ሆኖ አይቀርም፣ ይህ የሞተ ነው አለች። ከዚያ ተነሥታ ሰማያዊዋን ጆግ አነሣች። ከወር በኋላ በቀን ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰች። ፊቷን ብታየው! እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቢሊሱማን ዞራ አየቻት። ይነክሳል ያለችው ሁሉ ያን ጊዜ ነው የገባት። ልጅቷ በአዲስ ቀሚሷ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ነበር። ከቀትር በፊት ደም አስታወከች፤ ተሸክመናት ወደ ሆስፒታል ሮጥን።

ብልቃጡን ይዤ ሄጄ ስለነበር ሐኪሙ ክዳኑን ከፈተና ፊቱን አዞረ። ፎርማሊን ነው አለ። ውሃ ነው የሚመስለው፣ ቀለም የለውም፤ ሽታው ግን ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ብዙ ወተት ውስጥ ሲገባ አይታወቅም፤ በትንሹ ጆግ ግን ይነክሳል። ከሰው አካል ተቆርጦ የሚመረመር ነገርና ሬሳ እንዳይፈርስ የሚቀመጡበት ነው አለኝ። ወተቱን የሚያኮመጥጡትን ጥቃቅን ነፍሳት ይገድላል፣ ለዚህ ነው የማይረጋው። ግን እነሱን ለይቶ አይደለም የሚገድለው፤ ያገኘውን ሥጋ ሁሉ ያደርቃል፣ ያኮማትራል። የልጅ ጉሮሮና ጨጓራም ሥጋ ነው። ለምግብ ትንሹም አይፈቀድም፣ ወተት ውስጥ ይህን ያህል ቢሆን ምንም አይልም የሚባል መጠን የለውም አለኝ። አፍልተነዋል እኮ አልኩት፣ እንደ ሞኝ። መፍላቱ አያድንም፣ አንዴ ከወተቱ ጋር ከተያያዘ አብሮ ይቀራል አለኝ። ኩላሊቷንም ነክቶታል። ይህን ሲነግረኝ አዮ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አማርኛው ሁሉ አይገባትም፤ ሬሳ የሚለውን ግን ሰማች።

በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ ወተት የሸጠችበት ቤት ሁሉ በእግሯ ዞረች። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እኔ የሸጥኩላችሁን አትጠጡ፣ ያስቀመጣችሁትንም ድፉት፣ ልጆቻችሁን አስመርምሩ አለች። አንዳንዱ አለቀሰላት። አንዳንዱ ረገማት። አንዷ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችባት። አልሐምዱሊላህ ሌላ ልጅ ክፉኛ የታመመ የለም፤ ለእነሱ በብዙ ወተት ውስጥ ተሰራጭቶ ነው የደረሳቸው። የውብዳር በሯ ላይ ስታያት አቀፈቻት፤ ልጆቼን ጾሙ አዳናቸው አለች። ክፉ ልትናገር አይደለም፣ ለማጽናናት ነው። አዮ ግን ያቺን ቃል እንደ ያዘቻት አለች። የሌላውን ልጅ ጾም አዳነው፣ የእኔን ልጅ በጾሜ ገደልኳት ትላለች። እንደሻው ጠፍቷል፤ አንዱ ሲሬ ታየ ይላል፣ ሌላው ጮሌ ይላል። ፍሰሐ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አልጋው እግር ሥር ቆሞ ሲያለቅስ እኔ ነኝ ያጽናናሁት። ምን ላድርገው? ላሞቹ እንደሆኑ መታለባቸው አይቀርም፤ ለሊሳ አልቦ ቦዩ ውስጥ ይደፋዋል። ንጹሕ ወተት ነው፣ ምንም የለበትም፤ ግን ከእኛ ቤት የሚቀበል የለም። እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔም አልጠጣውም።

እስካሁን የሆነውን ነው የጻፍኩልህ። አሁን ያለንበት ደግሞ ይህ ነው። የጉሮሮዋ ቁስል ከላይ ከላይ ተሽሎታል ይላሉ። ምግብ የሚገባላት በአፍንጫዋ በተተከለ ቱቦ ነው። ሐኪሙ ቁስሉ ሲድን ጉሮሮዋን እያጠበበው እንዳይሄድ፣ ከአሁን ጀምራ ትንሽ ትንሽ በአፏ መዋጥ አለባት ይላል። ካልዋጠች ወደ አዲስ አበባ እንልካታለን፣ ሆዷን ቀደው በዚያ በኩል ነው የሚመግቧት፣ አቅሟ ያንን ስለመቻሉ ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም አለኝ። እኔ ለብ ያለ የገብስ አጥሚት በማንኪያ ሰጠኋት፤ ጥርሷን ገጠመች። ለሊሳ ሞከረ፣ ነርሶቹ ሞከሩ፣ የውብዳር እየዘፈነች ሞከረች። ማንኪያ ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ማን ይፈርድባታል? ከሰው እጅ የተቀበለችው ሁሉ ሲያቃጥላት ነው የከረመው። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዮ የት ናት ትላለች።

አዮ በሩ ውጪ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ናት። ከዚያ አትነሣም፣ ወደ ውስጥም አትገባም። ጉማ፣ የደም ዕርቁ፣ ሳይወርድ ምን እንደሚሆን አንተው ታውቀዋለህ፤ ደም የተቃቡ ሰዎች ሽማግሌ ገብቶ ሳያስታርቃቸው ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አንዱ ከሌላው እጅ ውሃ አይቀበልም። አዮ ይህንን በራሷ ላይ ፈረደች። የሁሴኖ ደም አለብኝ፣ እሱ ሳያስታርቀኝ እጄ ከልጁ አፍ አይደርስም ብላ በአላህ ማለች። ሽማግሌዎቹን አመጣሁባት፤ በእናትና በልጅ መሀል ጉማ የሚባል የለም አሏት። ሼኹም መጡ፤ ባለማወቅ የሆነ ነው፣ አላህ ይምርሻል አሏት። አላህማ ይምራል፣ የልጅቷ አባት ግን አላህ አይደለም ብላ መለሰችላቸው። ለአንተ እንዳልነግርህም ከለከለችኝ። በዳይ ይቅርታ አይለመንለትም፣ የተለመነ ይቅርታ ደግሞ ከአፍ አያልፍም ትላለች። ደግሞም ሳያውቅ ይቅር ቢለኝ ያ ይቅርታ አይደለም ትላለች። ይህንን ሁሉ ዝርዝር የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ጆጓን፣ ስኳሩን፣ ሳቃችንን ሁሉ። አንድም ሳላስቀር ነግሬዋለሁ፣ አውቆ ነው ይቅር ያለሽ ብዬ ልምልላት ስለምፈልግ ነው።

ከትናንት ወዲያ የሆነውን ነግሬህ ላብቃ። በሩ ተከፍቶ ነበር። አዮ ውሃ ልትቀዳ ከአግዳሚው ተነሥታ በደጁ አለፈች። ቢሊሱማ አየቻት። ጮኻ አልጠራቻትም፣ አቅሙም የላትም። ዝም ብላ አፏን ከፈተች። እኔ ማንኪያ ይዤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፣ እኔን አላየችኝም፤ አዮን እያየች አፏን ከፍታ ጠበቀች። አዮ አየቻት፣ ሁሴኖ። ቆማ አየቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ልጅቷ አፏን ሳትዘጋ ቆየች። እኔ በዚህ መሀል ማንኪያውን ላስገባ ብሞክር ተፋችው።

ያን ቀን ተስፋዬ ተሟጠጠ። ብትመጣ ደግሞ መመለሻ እንደሌለህ፣ ያለ ወረቀት ወጥተህ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ና አልልህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን አንብበህ ልትጮኽ ትችላለህ፣ ግድግዳ ልትመታ ትችላለህ፤ አድርገው፣ መብትህ ነው። እኔንም ስደበኝ፣ ከእሷ እኩል ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ዛሬውኑ በድምፅህ ቀርጸህ ላክልኝ፤ ጽሑፍ አይሆንም፣ አዮ አታነብም። ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ አዮ፣ በእኔና በአንቺ መሀል ደም የለም፣ ግቢና አጉርሻት በላት። በኦሮምኛ አድርገው፣ ልጅ ሆነህ ስትጠራት በነበረው አጠራር። ልብህ እሺ ካላለህ ደግሞ በአፍህ ብቻ በለው፣ ልብህ በኋላ ይድረስበት። ይህን ብትል ልጅቷ ትድናለች ብዬ አልዋሽህም፤ ከእንግዲህ አልዋሽህም። ኩላሊቷን ማንም አላረጋገጠልኝም። ጉሮሮዋም ምን እንደሚሆን አላውቅም። የማውቀው አፏን የምትከፍተው ለአንዲት ሰው ብቻ መሆኑን ነው።

ለሊሳ እጅግ ናፍቆሃል፣ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ወተቱ ጥርስ የቀለደውን ሳስታውሰው እስካሁን ያለቅሳል፣ ስትደውል አታንሣበት። የውብዳር ከነልጆቿ እግዚአብሔር ያጽናህ ብላለች፤ በየቀኑ ከሥራ በፊት መጥታ እኔን ፊቴን ታጥቤ እንድመለስ ታሳርፈኛለች። ፍሰሐ ባታውቀውም ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብሏል፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ አይችልም። ቢሊሱማ የአንተን ፎቶ በስልኬ ላይ ሳሳያት በጣቷ ነካችህ፤ ይህን እንደ ሰላምታ ቁጠርላት። ለኢፍቱ ምን እንደምል አላውቅም፤ አንተ እጇን ያዝልኝ።

አዮ አሁን በበሩ ስንጥቅ ስጽፍ አይታኝ ለማን ነው አለችኝ። ለሥራ ነው አልኳት። እስክሪብቶውን አየችውና ለሁሴኖ ከሆነ ስሜን እንዳትጨምሪው አለችኝ። ደብዳቤ ስጽፍልህ ሁልጊዜ ከሁሉ በፊት የእኔን ምርቃት አስቀድሚ እያለች ስታጽፈኝ የነበረችው እሷ ናት። የእሷ ምርቃት የሌለበት ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እህትህ ነቢላ
አሰላ፣ መጋቢት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.